ማኅተም የሌለው ደብዳቤ

ይድረስ፦ በመሀል አዲስ አበባ የሠፈር ስፖርት ሜዳዎችን ሰዓት ለምትደለድሉ ኃላፊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ለሴት ልጆች በሳምንት አራት ሰዓት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ስለመጠየቅ

ባለፈው ወር ከቢሮዎቻችሁ ወደ አንዱ መጥቼ ነበር። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ሰው ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ደርሼ ወረፋ ያዝኩ፣ አራት ሰዓት ላይ ገባሁ። የተቀበለኝ ልጅ ጨዋ ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ጉዳዬን ሰማና «ቡድኑ ስም አለው?» አለኝ። የለውም። «ፈቃድስ?» እሱም የለንም። «ማኅተም?» ከየት ይመጣል? ስምንት ሴት ልጆችና አንድ ኳስ ነን። «እንግዲህ ደብዳቤ ይዘው ይምጡ» አለኝ። በሳምንቱ ጽፌ ይዤ ሄድኩ። መዝገብ ቤት ደግሞ «ማኅተም የሌለው ደብዳቤ አንቀበልም» አሉኝ።

ስለዚህ ማኅተም የማይጠየቅበት ቦታ አመጣሁት። ይኸውላችሁ።

እኔ የስፖርት ሰው አይደለሁም። በልጅነቴ ሰኞ ማክሰኞ ስዘል ነው ያደግሁት፤ ከዚያ ወዲህ የሮጥኩት ታክሲ ለመያዝ ብቻ ነው። ቅርጫት ኳስ ቤታችን ያስገባችው የ14 ዓመት ልጄ ናት። ትምህርት ቤት አንድ መምህር አስጀመሯት፣ ከዚያ ወዲያ አበደች። ካልሲ ጠቅልላ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ትወረውራለች። እኔ ሳፋውን ስፈልግ «ማሚ፣ ጌም ላይ ነኝ» ትለኛለች።

ከአራት ኪሎ ብዙም ሳይርቅ፣ ቤታችን አቅራቢያ፣ መንገዱ ሲታደስ አብሮ የተሠራ ሜዳ አለ። ሰማያዊና ቀይ ተቀብቷል፣ ዙሪያው በሽቦ ታጥሯል፣ ማታ መብራት ይበራበታል። ሪንጉ፣ ኳሷ የምትገባበት ቀለበት፣ መረብ አለው። መረብ ያለው ሪንግ እዚህ ከተማ ውስጥ ማየት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ድሮ እዚያ ቦታ ላይ የቆሻሻ ገንዳ ነበር፣ አፍንጫችንን ይዘን ነበር የምናልፈው። እናም ምስጋናውን አስቀድሜ ላድርስ። ለሠራችሁት እግዚአብሔር ይስጥልን።

ችግሩ ከምረቃው በኋላ ነው የመጣው።

ሜዳው ሲከፈት «ለሁሉም ክፍት ነው» ተባለ። በሩ ላይም እንዲያ የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ግን ሰልፍ የሌለው ታክሲም እኮ ለሁሉም ክፍት ነው። የሚገባው ክርን ያለው ነው። ሜዳው ላይ የሚሠራው ሕግ «አሸናፊ ይቆያል» የሚባለው ነው። የተሸነፈ ይወጣል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል፣ ከውጭ ያለው ተራውን ይጠብቃል። የ20 ዓመት ጎረምሳ ባለበት ሜዳ የ14 ዓመት ሴት ልጅ መቼ አሸንፋ ትቆያለች? ልጆቹ መጥፎ አይደሉም። እንዲያውም ያከብሩኛል። «ማዘር፣ አንድ ጌም ብቻ፣ ከዚያ ይገባሉ» ይሉኛል። አንዱ ጌም ሌላ ጌም ይወልዳል። ሲመሽ ሴቶቹ ቦርሳቸውን አንግተው ወደ ቤት።

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። ሚያዝያ ነበር፣ ማክሰኞ፣ ከሥራ ስመለስ። ድንገት ዝናብ ወረደ። ጎረምሶቹ ሮጠው ሱቁ በረንዳ ሥር ተጠለሉ። በዚህ ጊዜ ሴቶቹ ወደ ሜዳው ገቡ። ስምንቱም። ኳሷ ውሃ ጠጥታ አትነጥርም፣ ጫማቸው ይንሸራተታል፣ ዩኒፎርማቸው ሰውነታቸው ላይ ተለጥፏል። ግን ይጫወታሉ። አንደኛዋ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ፤ እየሳቀች ተነሳች። ጥበቃው ጋሼ በጎጇቸው በር ላይ ቆመው «ኧረ ጉንፋን ይይዛችኋል!» ይላሉ፤ ግን እሳቸውም እየሳቁ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየ። ከዚያ ዝናቡ አባራ፣ ጎረምሶቹም ከበረንዳው ወጡ።

ሴቶቹ ኳሳቸውን አንስተው ወጡ። ውጡ ያላቸው የለም። ማንም ምንም አልተናገረም። ራሳቸው ወጡ።

ቢሯችሁ የመጣሁት በዚህ ምክንያት ነው። ቢያባርሯቸው ኖሮ ተጣልቼ እመለስ ነበር፣ ጠብ ይቀለኛል። ሳይነገራቸው መውጣታቸው ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

አሁን ወደ ልጄ ደብተር ልውሰዳችሁ። የሒሳብ ደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ የ12 አገሮች ስም ተጽፏል። መጀመሪያ የጂኦግራፊ የቤት ሥራ መስሎኝ ነበር። የ2025 (እ.ኤ.አ.፤ ቀጥሎ የምጠራቸው ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) የአፍሪካ ሴቶች ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ተሳታፊዎች ናቸው፤ ባለፈው ክረምት አቢጃን፣ ኮትዲቯር ላይ የተካሄደው። አራቱ አገሮች አጠገብ ኮከብ ሠርታለች፦ ግብፅ፣ ሩዋንዳ፣ ኡጋንዳ፣ ደቡብ ሱዳን። «እነዚህስ ምን አደረጉ?» አልኳት። «የኛ ዞን ናቸው፣ ዞን አምስት» አለችኝ። ዞን ሲባል እኔ የማውቀው የመንግሥት አስተዳደርን ነው። ለካ የአፍሪካ ቅርጫት ኳስም በዞን ተከፋፍሏል፣ እኛም እዚያው አምስት ውስጥ ነን። ከ12 ቡድን አራቱ ከኛው ዞን ሄዱ። የኢትዮጵያ ስም ዝርዝሩ ላይ የለም።

ደቡብ ሱዳንን ጠጋ ብላችሁ እዩልኝ። ነፃ አገር የሆነችው በ2011 ነው። ያ ሻምፒዮና ለሴቶች ቡድኗ የመጀመሪያው ነበር። ለነሐስ ሜዳሊያው የገጠመችው ሴኔጋልን ነው፤ ይህን ዋንጫ 11 ጊዜ የበላች አገር። አሸነፈቻት፣ ሦስተኛ ሆነች። አዎ፣ ብዙዎቹ ተጫዋቾች በውጭ አገር ያደጉ ናቸው፤ «የእነሱ ሌላ ነው» የሚለኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። እሺ፣ ይሁን። ሩዋንዳስ? ኪጋሊ ላይ 10,000 ሰው የሚይዝ አዳራሽ ሠርታ በ2019 ከፈተች። በ2023 ይህንኑ የሴቶች ሻምፒዮና እዚያው አዘጋጅታ አራተኛ ወጣች። ከኛ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የአውሮፕላን መንገድ ናት።

እኛ አዳራሽ አልጠየቅንም። አዳራሹን ለሌላ ቀን እናቆየው። የምንጠይቀው ሰዓት ነው።

የማኅተምና የወረቀትን ነገር ካነሳሁ ናይጄሪያን ሳልጠቅስ ባልፍ ደብዳቤው ጎዶሎ ይሆናል። በ2022 የናይጄሪያ ሴቶች ቡድን ሲድኒ፣ አውስትራሊያ ላይ ለሚካሄደው የዓለም ዋንጫ አልፎ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ መንግሥታቸው፣ በፌዴሬሽኑ ውስጥ በነበረው ሽኩቻ የተነሳ፣ አገሪቱን ከዓለም አቀፍ ቅርጫት ኳስ ለሁለት ዓመት አገለለ። አንድ ውሳኔ፣ አንድ ወረቀት። የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፊባ የሚሉት፣ ቦታቸውን ለማሊ ሰጠ። የናይጄሪያ መንግሥት ሐሳቡን ቀይሮ ሲመለስ ነገሩ አልቆ ነበር። በጥድፊያ የገባችው ማሊ አምስት ጨዋታ አድርጋ አምስቱንም ተሸነፈች። የናይጄሪያ ልጆች ያን ዓለም ዋንጫ ያዩት እንደኔና እንደናንተ በቴሌቪዥን ነው።

ከዚያስ? በዓመቱ ሬና ዋካማ የምትባል ወጣት አሠልጣኝ ሾሙ። በ2023 ኪጋሊ ላይ ዋንጫውን ወሰደች፤ ይህን ሻምፒዮና ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት አሠልጣኝ ሆነች። በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ መጀመሪያ አውስትራሊያን 75 ለ62 ረቱ፤ በኋላ ነሐስ የወሰደችዋን አውስትራሊያን ነው የምላችሁ። ካናዳን ደግሞ 79 ለ70። ሩብ ፍጻሜ ገቡ። በኦሊምፒክ ቅርጫት ኳስ፣ በወንድም በሴትም፣ ሩብ ፍጻሜ የደረሰ የመጀመሪያው የአፍሪካ ቡድን እነሱ ናቸው። እዚያ አሜሪካ 88 ለ74 አስቆመቻቸው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በቶኪዮው ኦሊምፒክ እኮ አንድም ጨዋታ አላሸነፉም ነበር። አቢጃን ላይ ማሊን 78 ለ64 አሸንፈው ዋንጫውን ለአምስተኛ ተከታታይ ጊዜ ወሰዱ። እነዚህን ልጆች ነው አንድ ወረቀት ቤት ያስቀመጣቸው።

ይህን የማወራው እንደ አዋቂ ነው፤ የማውቀው ግን ሁሉ ከልጄ ነው። ማታ ማታ ብርድ ልብስ ተከናንባ በስልክ ታያለች። ኔትወርኩ ሲቆም ምስሉ ይደርቅና ኳሷ አየር ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች። «ገባች? አልገባችም?» እያለች ስልኩን ወደ መስኮቱ ትዘረጋለች። የፓሪሱን ፍጻሜ በሙሉ አላየችውም፤ የመጨረሻዋን ኳስ ግን መቶ ጊዜ አይታታለች። አሜሪካ 67፣ ፈረንሳይ 64። ጋቢ ዊሊያምስ የምትባል የፈረንሳይ ተጫዋች ሰዓቱ ሲያልቅ ከሩቅ ወረወረች፣ ገባ። ከሩቁ መስመር ውጭ ሆነው ያስገቡት ሦስት ነጥብ ነው፤ ሦስት ቢሆን እኩል ነበር። እግሯ መስመሩን ነክቷል፤ ሁለት ነጥብ። 67 ለ66፣ ወርቁ ለአሜሪካ።

አንድ ቅዳሜ በጠዋት፣ ሜዳው ባዶ ሳለ፣ ልጄ ወስዳ አሳየችኝ። የሦስት ነጥቡ መስመር ላይ ቆመች። ከሪንጉ 6.75 ሜትር ነው አለችኝ። የጫማዋን ጫፍ መስመሩ ላይ ቀስ አድርጋ አሳረፈች። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ነጩ ቀለም ላይ ያረፈው የጎማው ጠርዝ ብቻ ነው፣ የምስር ፍሬ አያክልም። «በዚህ፣ ማሚ። በዚህ!» አለችኝ። ዕንባ ያቀረረባት መሰለኝ። ለፈረንሳይ!

ሰው «የሴት ልጆች ፍላጎት የለም» ሲለኝ ይህች ጫማ ናት ትዝ የምትለኝ። ቢሮ የመጣሁ ዕለት ከኋላዬ የተሰለፈ አንድ አባት ይህንኑ ብሎኛል፤ ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ። «እኛ የሩጫ አገር ነን፣ ሴቶቻችንም ሯጭ ናቸው» አለኝ። እውነቱን ነው። ደራርቱ በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቁን ስትወስድ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፣ የአባቴን ጩኸት አሁንም እሰማዋለሁ። ግን አስቡት፤ መንገድ ተራ አያስይዝም። ጠዋት 11 ሰዓት የተነሳች ልጅ ከእንጦጦ ግርጌ ጀምራ ትሮጣለች፣ ማንንም አታስፈቅድም። ሪንግ ግን 3.05 ሜትር ከፍታ ላይ ተሰቅሎ ነው የሚገኘው፣ ያውም አንድ ቦታ። ያንን ቦታ ሌላ ከያዘው፣ አለቀ።

ቅርጫት ኳስ ለዚህ ሠፈር እንግዳ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። ጨዋታው በ1891 የተፈጠረው አሜሪካ ውስጥ በወወክማ (በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ነው። የአራት ኪሎው ወወክማ ስንቱን የአዲስ አበባ ልጅ ኳስ እንዳስያዘ የዕድሜ ባለጠጎቹን ጠይቁ። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት «እኔም እኮ በቀሚስ ሌይ አፕ ሠርቻለሁ» ብለው አስቀውኛል፤ ሌይ አፕ እየሮጡ ሪንጉ ሥር ደርሰው ኳሷን ማስገባት ነው። ከዚያ ተነስተው በከዘራቸው አሳዩኝ። ቅርጹን አልረሱትም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው ነው። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት፣ ሜዳው የሴቶች ይሁን። የልጄና የጓደኞቿ ብቻ አይደለም፣ የመጣች ሴት ልጅ ሁሉ ትጫወት። ሜዳው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ክፍት ነው፤ በሳምንት 105 ሰዓት። ከ105 አራት ነው የጠየቅኩት።

ለምን እነዚህ ሰዓቶች? ቅዳሜ ልጆቹ ልብስ ያጥባሉ፣ ቤት ያጸዳሉ፤ ወንድሞቻቸው ሜዳ ላይ ናቸው፣ ይህንን ለየቤታችን እተወዋለሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ዘመድ አለ። ጠዋት ትምህርት ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ደግሞ ቤት ትግባ እንላለን፣ እኔም እላለሁ። 11 ሰዓት ላይ ግን ከትምህርት ቤት ተመልሰው ልብስ ቀይረዋል፤ 1 ሰዓት ላይ እኛ እናቶች ከሥራ ስንመለስ በዚያው ይዘናቸው እንገባለን። በሳምንት ሁለት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ማለት ለእኛ ስንት ሒሳብ ተሠርቶ የተገኘ ነገር መሰላችሁ!

ሌላም ትንሽ ነገር አለች። ጥበቃው ጋሼ ጎጆ ውስጥ የሜዳው ኳሶች አሉ፣ ሁሉም ሰባት ቁጥር፣ የወንዶቹ መጠን። በዓለም አቀፍ ጨዋታ ሴቶች የሚጫወቱት በስድስት ቁጥር ነው፤ ዙሪያዋ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ያንሳል፣ ትቀላለችም። ትንሽ ነገር ትመስላለች። የ14 ዓመት ልጅ እጅ ላይ ግን ልዩነቷ ይታያል። የልጆቹ አንዷ ኳስ እናቶች አዋጥተን የገዛናት ናት፤ ከዝናቡ በኋላ አንድ ወገኗ አብጧል። ሁለት ስድስት ቁጥር ኳስ ቢገኝ ደስ ይለናል። ባይገኝ እናዋጣለን። ሰዓቱን ግን ልናዋጣ አንችልም።

አሠልጣኝ መድቡልን አላልኩም። የልጄ መምህር «ሰዓቱ ከተገኘ ሐሙስ ሐሙስ እመጣለሁ» ብለዋል፣ በነፃ። ጎረምሶቹንም አነጋግሬያቸዋለሁ። አንደኛው፣ ረጅሙ፣ «ማዘር፣ በሩ ላይ ከተለጠፈ ማን ይነካቸዋል?» አለኝ። ልክ ነው። እሱ ያለኝን ነው የምጠይቃችሁ፤ በሩ ላይ ይለጠፍ። «ለሁሉም ክፍት ነው» ከሚለው ሥር አንድ መስመር ይጨመር።

ለምን ቸኮልሽ ትሉኝ ይሆናል። የሚቀጥለው የሴቶች ዓለም ዋንጫ በርሊን፣ ጀርመን ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 4 እስከ 13 ቀን 2026። ወደኛ ሲመለስ ከነሐሴ 29 እስከ መስከረም 3 ቀን ማለት ነው። ጳጉሜን በሙሉ፣ እንቁጣጣሽም መሀል ላይ። 16 አገሮች ይሰለፋሉ፣ የአፍሪካ ሻምፒዮኗ ናይጄሪያም አለች። በርሊንና አዲስ አበባ በዚያ ወቅት የአንድ ሰዓት ልዩነት ነው ያላቸው፤ ሌሊት መነሳት የለም። ትምህርት ዝግ ነው። ልጆቹ ከአሁኑ ቀጠሮ ይዘዋል፤ ጨዋታውን እኛ ቤት አይተው፣ ያዩትን ሜዳ ላይ ሊሞክሩ። ቡና የማፈላው እኔ ነኝ፣ በበዓሉ በሬ ጉዳይ ላይ ባለቤቴ ያስብበት። ያን ጊዜ ሜዳ በር ላይ ቆመው ዝናብ እንዲጠብቁ አልፈልግም። በዚያ ሰሞን ደግሞ ዝናቡም እየቀነሰ ነው የሚሄደው።

በቅርጫት ኳስ አንድ ቡድን ኳስ ከያዘ በ24 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሪንግ መወርወር አለበት። ካልወረወረ ኳሱን ለተጋጣሚ ያስረክባል። የመንግሥት ሥራ እንዴት እንደሚሄድ ስለማውቅ 24 ሰከንድ አልልም። 24 ቀን ይበቃል። ኳሷ እናንተ እጅ ናት።

መልሱን በአካል መጥቼ ልውሰድ ካላችሁም እመጣለሁ። ወረፋውን ለምጄዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የአንዲት ተጫዋች እናት፣ አራት ኪሎ
(ማኅተም የለውም)

ግልባጭ፦
ለጥበቃው ጋሼ፤ በሩ ላይ የሚለጠፍበትን ማጣበቂያ እኔ ገዝቻለሁ
ለረጅሙ ልጅ፤ የተናገርከውን እንዳትረሳ